ፀሐይ የበዛበት እሑድ

ከሜልበርን ወደ አደሌድ የሚወስድ አጭር መንገድ አለ፤ እኔ ግን ሄይዉድን ለማየት ብዬ በባሕሩ በኩል ዞርኩ። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው። የአውስትራሊያን ሁለት ክፍለ ግዛቶች፣ ቪክቶሪያንና ደቡብ አውስትራሊያን፣ የሚያገናኘው ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር የሚነሳው ከዚች ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 አውሎ ነፋስ የከፍተኛ ቮልቴጅ ማማዎችን ጣለ፤ የነፋስ ተርባይኖች ምርታቸውን በድንገት ቀነሱ፤ ጉድለቱ ሁሉ በዚህ መስመር ላይ ወደቀ። ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ተቋረጠ፤ ደቡብ አውስትራሊያም በሙሉ ጨለመ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሽቦዎቹን ብዙ አየሁ።

የደቡብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ አደሌድ ያረፍኩት አክስቴ ቤት ነው። እሑድ ቀትር፣ ፀደይ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ቡና እየተቆላ ልጇ ስልኩን አሳየኝ።

«ይኸው፣ ፀሐይዋ እንዲህ ደምቃ የጣሪያችን ሶላር ምርት ከ2 ኪሎ ዋት አላለፈም። ተበላሸ እንዴ?»

አልተበላሸም። እንዲህ ባለ ቀን ኤሲ የሚከፍት የለም፣ ብዙው መሥሪያ ቤት ዝግ ነው፤ ከሦስት ቤት ቢያንስ አንዱ ደግሞ ጣሪያው ላይ ሶላር አለው። የሚመነጨውና የሚበላው በየቅጽበቱ ካልተመጣጠነ ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት፣ ከ50 ሄርዝ ይርቃል፤ በየሰፈሩም ቮልቴጁ ይንራል። ስለዚህ አከፋፋዩ መስመሩ የሚሸከመውን እያሰላ ለኢንቨርተሩ፣ የሶላሩን ኃይል ለቤት ወደሚሆን ኤሌክትሪክ ለሚቀይረው መሣሪያ፣ በኢንተርኔት ገደብ ይልካል፤ ወደ ውጭ የሚላከው ከ1.5 እስከ 10 ኪሎ ዋት ይለዋወጣል። ቀድሞ ሶላር በበዛበት ሰፈር ዓመቱን ሙሉ 1.5 ላይ ይታሰር ስለነበር፣ ይሄኛው ለባለቤቱም ይሻላል ባይ ነኝ። የባሰ ቀን ሲመጣ ሶላሩ ከሩቅ ጨርሶ ይጠፋል፤ ማርች 14 ቀን 2021 ለመጀመሪያ ጊዜ ተደርጓል።

አክስቴ መቁያውን ይዛ ዞረች። «አገር ቤት መብራት ሄደ እያልን ሻማ ስንፈልግ ኖረን፣ እዚህ በዛ ተብሎ ይጠፋል?» ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጭት ነበር። እኔንም ይቆጨኛል።

«የውኃ ማሞቂያችሁ መቼ ነው የሚሠራው?» አልኳት።

«ሌሊት ነዋ፣ ሌሊት ርካሽ ነው ተብለን።»

ገደቡ የሚይዘው ከግቢ የሚወጣውን እንጂ ቤት ውስጥ የሚበላውን አይደለም። የማሞቂያውን ሰዓት ወደ ቀትር አዛወርነው። ልጁ ስልኩን ለእናቱ ያዘላት፤ ሁለት የነበረው ቁጥር ሦስት ሆነ፣ አራት፣ ከአምስትም አለፈ።