ቃሉ ተጽፎ ነበር

የሐረጎው ውንብድና መዝገብ ምስክር ሊሰማበት ሁለት ቀን ሲቀረው የእኛ የዐቃቤ ሕጎቹ ዋና ምስክር ተገደለ። የአይሱዙ ረዳት ነበር። ሌሊት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጡ ሐረጎ ዳገት ላይ መኪናቸውን አስቁመው፣ ሾፌሩን ደብድበው ገንዘብ ከወሰዱት ሰዎች መካከል አንዱን በመልክ ለይቶ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሾፌሩ ጭንቅላቱን ስለተመታ የማንንም ፊት አያስታውስም። ረዳቱን ሰኞ ገበያ አካባቢ ማታ በስለት የወጋው የተከሳሹ ታናሽ ወንድም ነው። አስከሬኑ ሲፈተሽ በደረት ኪሱ ውስጥ የፍርድ ቤቱ መጥሪያ አራት ላይ ታጥፎ፣ ከመታወቂያው ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ተገኘ። እንዳይረጥብ እንዳይቀደድ ብሎ ነው እንዲያ ያስቀመጠው። ሊመጣ ተዘጋጅቶ ነበር።

ክሱ ሲመሠረት የዚህ ልጅ ስምና አድራሻ በምስክሮች ዝርዝር ላይ እንዳይወጣ እንጠይቅ ብዬ ነበር። በወቅቱ አለቃዬ የነበረው ሰው «ጥበቃ ለሽብር መዝገብ ነው፤ ለአንድ የመኪና ረዳት ማን ዘብ ያቆማል?» ብሎ መለሰልኝ። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 እንዲህ አይልም። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆኖ፣ ያለዚያ ምስክር የማይረጋገጥ ከሆነና ምስክሩን ከባድ አደጋ የሚያሰጋው ከሆነ፣ ማንነቱን መሰወር፣ መኖሪያውን መቀየር፣ በአካል መጠበቅ ይቻላል ይላል። የእኛ መዝገብ ሦስቱንም ያሟላ ነበር። አዋጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፤ ገልጦ አላየውም። ያ ሰው ዛሬም ስለ ምስክር አያያዝ ሥልጠና ይሰጣል፤ ይህን ባልጽፈው ኖሮ ሆዴ አይሽርም ነበር።

የውንብድናው መዝገብ በዚህ አልሞተም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በሚያዘው መሠረት ቀዳሚ ምርመራ፣ ማለትም ዋናው ክርክር ሳይጀመር ምስክሮች ዳኛ ፊት ቃላቸውን የሚሰጡበትን ሥርዓት፣ አሠርተን ስለነበር፣ ረዳቱ በወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ቃሉን ሰጥቷል። ምስክሩ ሲሞት ይህ ቃል በአንቀጽ 144 መሠረት በከፍተኛው ፍርድ ቤት ይነበባል። የተከሳሹ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ያላቀረቡለት ምስክር ስለሆነ ቃሉ ውድቅ ይደረግ ብለው ተከሳሽ የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት እንዳለው የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 ጠቅሰው ተከራከሩ። መብቱ ትልቅ መብት ነው፤ ጠበቃውም ሥራቸውን ሠሩ። ዳኞቹ ግን ቃሉን ተቀበሉት፤ ተከሳሹም ተፈረደበት።

የግድያው መዝገብ ችግር ሌላ ነበር። ገዳዩ መግደሉን አልካደም። «ጠጥተን ተጣላን» አለ። ይህ ካለፈለት በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 540 ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት። የወንድሙን ወንጀል ለመሸፈን ገደለ ከተባለ ደግሞ አንቀጽ 539 ነው፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። ሁለቱን የሚለየው ገዳዩ በልቡ የያዘው ሐሳብ ነው፤ የሰው ሐሳብ ደግሞ ሲናገር የሰማ ሰው ካልመሰከረበት በምን ይታወቃል? ሲናገር የሰማ ሰው ነበር። አንዲት ሻይ የሚሸጡ እናት፣ ከግድያው በፊት በነበረው ቀን እዚያው ሻይ ቤታቸው ውስጥ ገዳዩ ረዳቱን «ማክሰኞ ፍርድ ቤት ከሄድክ አትመለስም» ሲለው ሰምተዋል።

አለቃዬ «መጥሪያ ይላክላቸው፤ ካልመጡ ፖሊስ ይዞ ያቀርባቸዋል» አለ። ምስክር ስለመሰከረ በተገደለበት ሰፈር፣ ምስክር በፖሊስ ተይዞ ይምጣ! ራሴ ሄድኩ። ሻይ አዘዝኩና ሌሎቹ ደንበኞች እስኪወጡ ጠበቅኩ። ማንነቴን ስነግራቸው አልደነገጡም።

«ልጄ፣ ያንን ልጅም እንዲህ ቁጭ ብላችሁ ነው ያናገራችሁት?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ምን አላችሁት?»

«ያየኸውን ብቻ ተናገር አልነው።»

«ተናገረላችሁ። ከሞተ በኋላስ ቃሉ ምን ሆነ?»

አስረዳኋቸው። ከመሞቱ በፊት ዳኛ ፊት ቀርቦ ተናግሮ እንደነበር፣ የተናገረው እንደተጻፈ፣ ከሞተ በኋላም እንደተነበበ ነገርኳቸው። ብርጭቆ እያለቀለቁ ነበር፤ እጃቸው ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀና ብለው አዩኝ።

«ተጽፎ ነበር?»

«ተጽፎ ነበር።»

«ሲገድሉት ተጽፎ ያለቀ ነገር ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይህን ለእነሱ ማን ነገራቸው?»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ተከሳሹ ቀዳሚ ምርመራው ሲካሄድ ችሎት ውስጥ ቆሞ ነበር። ረዳቱ ሲናገር ሰምቷል፣ ጸሐፊዋ ስትጽፍ አይቷል። ያ ወረቀት ለምን እንደሚጻፍ ግን የነገረው የለም። ሰው የሚያውቀው ለፖሊስ የተሰጠ ቃልን ነው፤ ምስክሩ ቀርቦ ካልደገመው ያ ቃል ብቻውን እንደማያቆም መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሰውየው ከጠፋ ነገሩም ይጠፋል ብለው አሰቡ። አንድ ወጣት የሞተው፣ ሌላው ወጣት ዕድሜውን እስር ቤት የሚጨርሰው፣ ቀድሞ ለተዘጋ ነገር ነው።

እማማ ለመመስከር አንድ ነገር ጠየቁ፦ መጥሪያ ይዞ ባለዩኒፎርም ቤታቸው እንዳይመጣ። «ልጅ አለኝ፣ ጎረቤት አለኝ። እናንተ ማታ ቤታችሁ ትገባላችሁ፤ እኔ እዚሁ ነኝ» አሉኝ። የጥበቃ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ አለቃዬ ይህኛውን ፈረመ። ቃላቸው በዝግ ችሎት ተሰማ። የገዳዩ ጠበቃ «ሰው በሚንጫጫበት ሻይ ቤት እንዴት ሰሙት?» ሲሏቸው «ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው ጆሮዬን የሰጠሁት፤ ሰው መልካም ነገር ሲናገር ድምፁን አይደብቅም፤ አላህ ያውቃል» ብለው መለሱ። ሰብሳቢ ዳኛው ቀና ብለው አይተዋቸው ወደ ጽሑፋቸው ተመለሱ።

ጥፋተኛነቱ በአንቀጽ 539 ጸና፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ይግባኙም አልተለወጠለትም። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ለመውጣት መጠየቅ እንደሚችል ለእማማ መንገር ነበረብኝ፤ ሲጠይቁኝ አልዋሸኋቸውም። ታላቅ ወንድሙ ከእስር ቤት ሆኖ አዞ እንደሆነ ማረጋገጥ አልተቻለም፤ የተፈረደበት በውንብድናው ብቻ ነው። እማማ ሻይ ቤታቸውን ዘግተው ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። መኖሪያ የመቀየሩን ወጪ የቻሉት ራሳቸው ናቸው። በዚህ በጣም እናደዳለሁ፤ አዋጁ ያንን ወጪ የዜጋ ዕዳ ለማድረግ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ቀዳሚ ምርመራ ባሠራሁ ቁጥር፣ ምስክሮች ተሰምተው ሲያበቁ ለዳኛው አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ ለተጠርጣሪው፣ ችሎት ለተቀመጡት ዘመዶቹም፣ ይህ ቃል ምስክሩ ባይኖርም እንደሚነበብ በግልጽ ይነገርልኝ እላለሁ። አንዳንዶቹ ዳኞች ይናገራሉ። አንዳንዶቹ ሕጉ አያዝም ብለው ያልፉታል። አንድ የማከብራቸው ዳኛ ቢሯቸው ጠርተውኝ «ዝም ላለ ሰው ስለ መግደል ታስታውሰዋለህ» አሉኝ። ሥጋታቸው ይገባኛል። ሐረጎ መንገድ ላይ የተዘረፈውን መኪና ረዳት የገደለው ሰው ግን ማንም አላስታወሰውም፤ በራሱ አስቦ ነው የመጣው። ይህንኑ ነገርኳቸው፤ አልተስማማንም፤ በሚቀጥለው መዝገብም ጥያቄዬን እዚያው ችሎታቸው ላይ አቀረብኩ።