የዘንድሮው የገና ፎቶ ግራጫ ነው

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! የማታከብሩትም ብትሆኑ የጎረቤት ዶሮ ወጥ ሽታው ደርሷችኋልና አብራችሁን እንደዋላችሁ እቆጥራለሁ። በተለይ በዓሉ ሥራ ላይ ለሚያልፍባችሁ፣ እንደኔው፣ አይዞን።

"ብርሃነ ልደቱ" የሚለውን ልጅ ሆኜ ዝም ብዬ በአፌ ነበር የምለው። ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ወዲህ ግን "ብርሃን" የሚለው ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ። ዌልስ ውስጥ በታኅሣሥ ብርሃን እንደ ልብ አይገኝም። እዚህ ካርዲፍ ፀሐይ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ከሩብ ገደማ ትወጣና 10 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ትገባለች። የቀኑ ርዝመት በጠቅላላው 8 ሰዓት ያህል ነው። እሱም ደመና ካልሸፈናት። ደመናው ደግሞ ይሸፍናታል።

በየዓመቱ ለገና አንድ ፎቶ መርጬ እንደምልክላችሁ ታውቃላችሁ። አምና ፔን አ ቫን ነበር፣ 886 ሜትሩ ተራራ፣ በረዶ ለብሶ፣ ሰማዩ ሮዝ ሆኖ። ወደዳችሁት። አንዳንዶቻችሁ ስልካችሁ ላይ ለጠፋችሁት። ያልነገርኳችሁ ነገር ያ ሮዝ በኮምፒውተር ትንሽ ታግዟል። ትንሽ ካልኩ ዋሸሁ፤ በደንብ ታግዟል።

ዘንድሮ እንደዚያ ያለ የለኝም። ግንቦት ላይ ፔምብሮክሺር ሄጄ ሦስት ቀን ሙሉ ጭጋግ አይቼ መጣሁ። ጥቅምት ላይ ሰሜን ድረስ፣ ላንቤሪስ ወጣሁ። እዚያ ሐይቁ ዳር ብቻዋን የቆመች አንዲት ዛፍ አለች፤ ፎቶ አንሺው ሁሉ ለእሷ ብሎ ነው የሚሄደው። ገና ጎህ ሳይቀድ ደረስኩ። ከእኔ በፊት 11 ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ፣ ተገትሯል። ያቺ ብቸኛ ዛፍ ከእኔ የበለጠ ጓደኛ ነበራት።

የቀረኝ ሮሲሊ ነበር።

ሮሲሊ ያለው ጋወር ላይ ነው፣ ከስዋንሲ በስተ ምዕራብ ወደ ባሕሩ የገባ መሬት። በብሪታኒያ "የላቀ የተፈጥሮ ውበት ያለው ሥፍራ" ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከለለው ይሄ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1956። አሸዋው ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ የሚጠበቀው የፀሐይ መግቢያ ነው። ጫፉ ላይ ዎርምስ ሄድ የሚባል ዘንዶ የመሰለ ድንጋያማ ደሴት አለ፤ ባሕሩ ሲጎድል በእግር ይኬድበታል፣ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል። በዚህ ባሕር ሙላቱና ጉድለቱ ቀልድ አይደለም፤ ወደ ሰቨርን ወንዝ አፍ ስትጠጉ ልዩነቱ 14 ሜትር ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ካሜራ ከመያዜ በፊት ባሕሩ የሚጎድልበትን ሰዓት ማየት ልማዴ ሆኗል። ታክሲ ስትጠብቁ ሰዓት እንደምታዩት ነው።

የፈለግኩት ሄልቬሺያን ነበር። እንጨት የጫነች የኖርዌይ መርከብ ነበረች። በ1887 ማዕበል ገፍቶ አምጥቷት እዚያው አሸዋ ላይ ቀረች። አሁን ያለው የጎድን አጥንቷ ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ ከአሸዋው የሚወጡ ጥቁር የእንጨት ጎድኖች።

ትራይፖዴን ተከልኩ። ቅርንፉድና ቀረፋ ያለበት ሻይ በፔርሙዝ ይዣለሁ። ፀሐይዋን ጠበቅኩ። ስለ ባሕር ዳር ፎቶ ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር አለ፦ ሞገዱ ሲመለስ ከትራይፖዱ እግር ሥር አሸዋ ይዞ ይሄዳል። በዓይን አይታይም። የካሜራውን መዝጊያ 30 ሰከንድ ከፍታችሁ እስትንፋሳችሁን ይዛችሁ ስትጠብቁ፣ ካሜራው ቀስ ብሎ እየሰመጠ ነው። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት መርከቧ ሁለት ሆናለች። እኔ አሥራ ምናምን ጊዜ ሁለት አደረግኳት። ጣቶቼ ደንዝዘው የካሜራውን ቁልፍ ከጃኬቴ ቁልፍ መለየት አቃታቸው። ፀሐይዋም አልመጣችም። ሰማዩ እንደ አሮጌ ብረት ድስት ክዳን ሆኖ ዋለ፣ ካፊያ ጀመረ፣ አንድ የመጨረሻ ፎቶ አንስቼ ወደ መኪና ሮጥኩ።

በነገራችን ላይ እዚያው ጋወር ላይ ካስዌል የሚባል ሌላ የባሕር ዳርቻ አለ። ጆን ዲልዊን ሉዌሊን የሚባል የአካባቢው ባለርስት በ1853 እዚያ ሲሰበር የነበረ ሞገድ ፎቶ አነሳ። ያኔ የሚንቀሳቀስ ነገር ማንሳት ጭንቅ ነበር፤ ሰው ራሱ እንደ ሐውልት ተገትሮ ነው የሚነሳው። እሱ ሞገዱን ቀጥ አደረገው። እኛ ከ170 ዓመት በኋላ ጥቁር መስታወት በውድ ገዝተን ካሜራው አፍ ላይ እንገጥማለን። ለምን? ሞገዱ እንዳይታይ፣ ባሕሩ እርጎ እንዲመስል! እህቱ ሜሪም ፎቶ ታነሳ ነበር። በዚያው ዘመን ያነሳችው የበረዶ ሰው በዓለም ላይ ካሉት ቀደምት የበረዶ ሰው ፎቶዎች አንዱ ነው። ሁለቱም ለእንጀራ ብለው አልነበረም የሚያነሱት፣ እንደኔው። ልዩነታችን እነሱ ርስት ነበራቸው።

እኔ ያለኝ የሌሊት ሥራ ነው፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት። እዚያ እንቅልፍ እምቢ ያላቸው አንዲት እናት አሉ። በልቤ እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው እኔን "ባኽ" ይሉኛል። በዌልስኛ "ትንሽ" ማለት ነው፣ እኛ "ልጄ" እንደምንለው። ይቺ "ኽ" ብዙ እንግሊዞችን ታስቸግራለች። እኔ "ኸየት መጣህ?" በሚሉ አያት እጅ ስላደግኩ አላስቸገረችኝም።

አንድ ሌሊት ሻይ ይዤላቸው ገብቼ ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አሳየኋቸው። የአምናውን ሮዝ ተራራ "ቆንጆ ነው" ብለው አለፉት፣ ሰው ሰርግ ላይ የማያውቀውን ሙሽራ ቆንጆ እንደሚለው። ያንን የመጨረሻውን፣ ግራጫውን ሲያዩ ግን ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ሄልቬሺያ" አሉ። እኔ ስሟን አልነገርኳቸውም።

ልጅ ሆነው ከእህታቸው ጋር እነዚያ ጎድኖች ላይ ተቀምጠው ዳቦ ይበሉ ነበር። ብዙ አወሩኝ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። ከዚያ በጣታቸው ሰማዩን ነካ አድርገው፣ "ልክ እንዲህ ነው" አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ሰማዩን ሮዝ የሚያደርገው ነገር ላይ እጄ ሄደ። ተውኩት።

እሳቸው ናቸው ስለ ፕለጋይንም የነገሩኝ። ገና ሊነጋ ሲል ሰው ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ያለ ምንም መሣሪያ በድምፁ ብቻ የሚዘምርበት የቆየ ልማድ ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ዶሮ ሲጮህ። ሌሊቱን ቆማችሁ ላደራችሁት አዲስ ነገር አላወራሁም።

አንድ ባልደረባዬ "የእናንተ ገና ለምን ይዘገያል?" ብሎ በየዓመቱ ይስቅብኛል። ዘንድሮ መልስ አገኘሁለት። ፔምብሮክሺር ውስጥ ኩም ግዋይን የሚባል ሸለቆ አለ። ብሪታኒያ በ1752 የቀን አቆጣጠሯን ስትቀይር እነሱ አሮጌውን ይዘው ቀሩ። እስከዛሬ አዲስ ዓመታቸው ጃንዋሪ 13 ነው፣ ሄን ጋላን ይሉታል። ልጆቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ሳንቲምና ከረሜላ ይሰጣቸዋል። አበባየሆሽ በሉት። ባልደረባዬ የዌልስ ልጅ ሆኖ ይህን አያውቅም ነበር። ከገናችን ስድስት ቀን በኋላ ነው። ፈረቃ ከቀየሩልኝ እሄዳለሁ።

እና የዘንድሮው ፎቶ ይሄው። ከታች ጥቁሮቹ ጎድኖች፣ ከላይ ግራጫ፣ መሐሉ ላይ ባሕር ይሁን ሰማይ ያልለየ መስመር። ግራ ጥግ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ኮከብ አይደለችም። መስታወቱ ላይ ያረፈች የካፊያ ጠብታ ናት፤ ሳልጠርጋት ሮጬ ነው።

ናዶሊግ ኽላወን ይላሉ እዚህ። መልካም ገና!