ደህና ነው ያለኝ ቴስተር

ቅዳሜ ማታ፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ። አምፖሉ ቀስ እያለ መድመቅ ጀመረ። መጀመሪያ ዓይኔ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ጠረጴዛው ላይ የተበተኑት ብሎኖች ጥላ ሲጥሉ አየሁ። ተስፈንጥሬ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ሌላ ጊዜ አምፖል ሲደምቅ ማን ይከፋል? ይሄኛው ግን የ100 ዋት የድሮ አምፖል ነው፤ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በተከታታይ አስሬዋለሁ። ውስጡ ደህና ከሆነ አምፖሉ ለአፍታ ቦግ ይልና ይደበዝዛል። ሾርት ካለ ደግሞ ኤሌክትሪኩን እሱ ይበላዋል፣ ድምፁን የሚያጎላው ትራንዚስተር ይተርፋል። በዚህ በኤልኢዲ ዘመን እንዲህ ያለ አምፖል ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ባለሱቁ "ለጫጩት ነው?" ብሎኝ ነበር።

አምፕሊፋየሩ የጎረቤቴ የጋሼ ነው። ጃፓን ሠራሽ፣ በፈረንጆቹ የ1970ዎቹ መጨረሻ ዕቃ። ጅዳ ሠርተው ሲመለሱ ተሸክመውት ነው የመጡት። ከኋላው እስከ 240 ቮልት የሚያስመርጥ መዞሪያ አለው። የግራው በኩል ድንገት ጸጥ ሲል ጋሼ እኔ ዘንድ አመጡት። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ከሥራ በኋላ እነካካለሁ እንጂ። እሳቸው ግን አንዴ ፍሪጃቸውን ስላስነሳሁላቸው መሐንዲስ አድርገውኛል።

ስከፍተው ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጡት የግራዎቹ ሁለት አውትፑት ትራንዚስተሮች ሾርት ሆነዋል። ቀየርኳቸው። አውትፑቶቹን የሚነዷቸውን ትናንሽ ትራንዚስተሮች፣ ድራይቨሮቹንም፣ ቦርዱ ላይ እንዳሉ በቴስተር ነካ ነካ አደረግሁ፤ 0.6 ቮልት ገደማ። ደህና ናቸው ብዬ ያለ ምንም አምፖል በቀጥታ 220 ላይ ሰካሁት። አምስት ደቂቃ ሠራ። ከዚያ ጭስ። አዲሶቹም ሄዱ።

ይኼ ከዚያ በፊት የነበረው ቅዳሜ ነው። አምፖሉ በደመቀበት ቅዳሜ ሌላ ጥንድ ገጥሜ፣ አደብ ገዝቼ፣ አምፖሉን አስሬ ጀመርኩ። አስር ደቂቃ ያህል ድብዝዝ ብሎ ቆየ። ከዚያ ነው ቀስ እያለ የደመቀው። ሲቀዘቅዝ ጤነኛ፣ ሲሞቅ በሽተኛ የሆነ ነገር ውስጡ አለ ማለት ነው።

ድራይቨር ስሙ ሹፌር ይሁን እንጂ ሥራው የታክሲ ረዳት ነው። ከፊት የመጣችውን ቀጭን ድምፅ ተቀብሎ ጮክ ብሎ ያስተላልፋል። ትልልቆቹ አውትፑቶች ለስፒከሩ 4 አምፔር እንዲሰጡ፣ ማጉላት የሚችሉት 40 እጥፍ ቢሆን፣ 100 ሚሊአምፔር የሚያቀብላቸው ይፈልጋሉ። ከድራይቨሩ በፊት ያለው ክፍል ግን ያለው ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ነው። መሃል ላይ ረዳቱ ሳይታዘዝ ከጮኸ መኪናው ሳይሞላ ይነሳል። የእኔም ጣጣ ይኼው ነበር።

ካፓሲተሮቹ ያጠራቀሙትን ኤሌክትሪክ በሬዚስተር አራግፌ ድራይቨሮቹን ነቀልኳቸው። ብቻቸውን ብለካቸውም ቴስተሩ "ደህና ናቸው" አለ። እውነቱን ነው፤ እሱ የሚሰጣቸው ሦስት ቮልት የማይሞላ ነገር ነው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ግን በአንድ በኩል 42፣ በሌላው በኩል ሲቀነስ 42 ቮልት አለ። ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጦ "ሩጫ ትችላለህ?" ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ስለዚህ 42 ቮልት ሰጠሁት። ትራንዚስተር ሦስት እግር አለው፦ ቤዝ፣ ኤሚተር፣ ኮሌክተር። ቤዙን ከኤሚተሩ አገናኘሁ፤ እንዲህ ሲሆን ትራንዚስተሩ ዝግ መሆን አለበት። ከኮሌክተሩ ፊት የ4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር አደረግሁና ሬዚስተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለካሁ። ጤነኛው ምንም አላሳየም። ጥርጣሬ ያለብኝ 12 ቮልት አሳየ፤ ወደ 2.5 ሚሊአምፔር ያሾልካል ማለት ነው። የመበየጃውን ጫፍ ወደ ሆዱ ጠጋ አደረግሁ። 15፣ 21፣ 28። 34 ላይ ሲደርስ አነሳሁት። ብቻዬን "አንተ ሌባ!" ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ከጓዳ "ማነው?" አለች።

መለዋወጫው ሌላ ታሪክ ነው። በሌባው ድራይቨር ላይ የተጻፈው "ሲ2690" ነው፤ ጥንዱ "ኤ1220"። ጃፓኖች ከስሙ ፊት ያለውን "2ኤስ" ትራንዚስተሩ ላይ አይጽፉትም። "ሲ" ያለው ኤንፒኤን፣ "ኤ" ያለው ፒኤንፒ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚፈስባቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። እዚህ ያገኘሁት ጽሑፉ በጣት ሲታሽ የሚለቅ ነበር፤ ተውኩት። ቨርጂኒያ ላለችው እህቴ ጻፍኩላት። ኬኤስሲ2690ኤ እና ኬኤስኤ1220ኤ የሚባሉትን ምትኮች ገዝታ በሰው ላከች። መጨረሻቸው ላይ ያለችው "ኤ" ቀላል አይደለችም፤ 120 የነበረውን የቮልት አቅም 160 ታደርገዋለች። የእግሮቹ ቅደም ተከተልም እንደ ድሮው ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ስለሆነ ማጣመም አያስፈልግም። በቀኙ በኩል ከእኔ በፊት የነካው ሰው የማይገጥም ትራንዚስተር አግኝቶ እግሮቹን እንደ ሹሩባ ጎንጉኗቸዋል። መጀመሪያ ስቄበት ነበር። ያለ መለዋወጫ ሁለት ሳምንት ስቀመጥ ሳቄ ጠፋ።

የግራና የቀኙን አራቱንም ድራይቨሮች ልቀይር ስል ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ደህናውን ለምን ትነቅላለህ?"

"ጋሼ፣ እነሱም እኩል ነው ያረጁት። ይታገሱኝ።"

"እኔንም እንዳትነቅለኝ!"

ነቀላው ላይ ነው የተቀጣሁት። የአርባ ምናምን ዓመት ቦርድ ሙቀት አይወድም። መበየጃውን ትንሽ ባቆየው የመዳቧ ክብ ከቦርዱ ተላቃ እንደ ዓሣ ቅርፊት ብድግ አለች። እጄ ቀዘቀዘ። ከአዲሱ ትራንዚስተር እግር የተረፈችውን ቁራጭ ሽቦ አጥፌ፣ ቫርኒሹን በምላጭ ፍቄ፣ እስከሚቀጥለው መስመር ድልድይ ሠራሁላት። አታምርም፤ ግን ይዛለች። የባያሱን ትሪመርም፣ ማለትም ድምፅ ሳይኖር በአውትፑቶቹ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነውን ትንሽ መዞሪያ፣ አብሬ ቀየርኩ፤ አሮጌው ሲዞር ይንኮሻኮሻል፣ እሱን አምኜ ሌላ ጥንድ አላቃጥልም።

አበራሁ። ቦግ፣ ከዚያ ድብዝዝ። አስር ደቂቃ። ሃያ። አልተንቀሳቀሰም። ስፒከር ሳልሰካ የግራውን መውጫ ለካሁ፤ 14 ሚሊቮልት፣ ለዜሮ የቀረበ ነው፣ መልካም። አምፖሉን አወጣሁና በቀጥታ ሰካሁት። ባያሱን ከዝቅተኛው ጀምሬ በካቻቢቴ ጫፍ ፀጉር ታህል እያዞርኩ፣ የ0.47 ኦሟ ሬዚስተር ላይ 23 ሚሊቮልት፣ ማለትም ወደ 50 ሚሊአምፔር እስኪሆን ድረስ አመጣሁት። ልክ 23 ላይ ሲደርስ ድርግም!

ልቤ ቀጥ አለ። ካቻቢቴውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። የሚሸት ነገር ፈለግሁ፤ የለም። ከዚያ ከደረጃው ልጆች "ኧረ ሄደ!" ሲሉ ሰማሁ። ለካ የሰፈሩ መብራት ነው። ጋሼ በጨለማው ውስጥ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ መጣ። ጥቂት ሰከንድ፣ ከዚያ ስፒከሩን የሚያገናኘው ማብሪያ፣ ሪሌው፣ "ቀጭ" አለ። ግማሽ ሰዓት አሙቄው ባያሱ 26 ሆኖ ስላገኘሁት ወደ 23 መለስኩት። ስፒከሮቹን ሰካን። ጋሼ የመረጡት ዜና ነበር። ዜና! ሦስት ሳምንት ለፍቼ የግራው ስፒከር መጀመሪያ ያወራው ስለ አየር ጠባይ ነው።

እሑድ ወሰዱት። ማታ በግድግዳው በኩል ክራር ይሰማኝ ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን አላስችለኝ አለ፤ በነጠላ ጫማ ወጥቼ አንኳኳሁ። ጋሼ ሲከፍቱልኝ ምን እንደፈለግሁ ገብቷቸው ነበር፤ ምንም ሳይሉ ወደ መደርደሪያው ጠቆሙኝ። መዳፌን በግራ በኩል ሽፋኑ ላይ አሳረፍኩ። ለብ ብሏል።