ኒሙን አትቀቅሉት

ሐርቡና ኮምቦልቻ አካባቢ ዋንዛ የምትተክሉ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለናንተ ነው። እኔን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ችግኙን አፈላሁ፣ ክረምት ሲገባ ተከልኩ። እዚህ ድረስ ችግር የለም። ትንሽ ቆይቶ አባጨጓሬና ፌንጣ ቅጠሉን በሳሱት። ዋንዛ ለበር፣ ለከበሮ፣ ለቀፎ የሚፈለግ እንጨት ነው፤ ለጋው ጫፍ እየተበላ ካደገ ግንዱ ቀጥ አይልም። ጓሮዬ ንብ ስላለ ኬሚካል አልፈለግሁም። ከኒም ዛፍ የሚሠራ የተባይ መድኃኒት ይሻላል አልኩ።

አንድ የግብርና ባለሙያ ጠየቅሁ። «ቅጠሉን ሰብስብ፣ ቀቅል፣ ጤዛው ሲደርቅ ረፋድ ላይ ርጭ» አለኝ። የያዘው የሥልጠና ወረቀትም ይህንኑ ይላል። ቀቀልኩ፣ ረጨሁ። አባጨጓሬው ምንም አልመሰለውም። ተመልሼ ስጠይቀው «መጠኑን ጨምር» አለኝ። ጨመርኩ። ማገዶዬን ጨረስኩ እንጂ የተለወጠ ነገር የለም። በመጨረሻ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ ባህላዊ ነገር እኮ እንዲህ ነው። ኬሚካሉን ግዛና ተገላገል።» ወላሂ፣ ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

ባህላዊ መሆኑ ምን አጠፋ? ኒም ውስጥ ያለው ዋናው መድኃኒት አዛዲራክቲን ይባላል። በብዛት የሚገኘው በፍሬው አስኳል ውስጥ ነው። እሳት ያበላሸዋል፣ ፀሐይም ቶሎ ያጠፋዋል። ሰውየው ያዘዘኝ ትንሽ ካለበት ቅጠል ላይ እሷኑ ቀቅዬ፣ የተረፈችውን ለፀሐይ እንድሰጥ ነው።

ፍሬውን በጅቡቲ መስመር የሚመላለስ ሹፌር ዘመዴ ከሎጊያ አመጣልኝ። ስታስመጡ ሚሊያ እንዳያሸክሟችሁ፤ ዛፉ ኒምን ይመስላል፣ ፍሬው ግን ሰውንም ከብትንም ይመርዛል። ጥላ ላይ አድርቁት፣ የሻገተውን ጣሉ። ፈልፍላችሁ አስኳሉን ውቀጡ። ለ10 ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። አሳድሩትና በአሮጌ ነጠላ አጥልሉት፤ በወንፊት ካጠለላችሁት ደቃቁ የመርጫውን አፍ ይደፍናል። ጥቂት ሳሙና ጨምሩበት፣ ቅጠሉ ላይ እንዲይዝ። ርጩ የምላችሁ አመሻሽ ላይ ነው፣ ንቡ ቀፎው ሲገባ። የተዘፈዘፈውን ለሌላ ቀን አታስቀምጡ።

በማግስቱ ጎረቤቴ መጥተው «የኔ ጌታ፣ ይህን ሁሉ ለፍተህ አንድም አልሞተም እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ኒም ወዲያው አይጥልም። ትሉ መብላት ያቆማል፣ ቆዳውን መቀየር ያቅተዋል፣ እያለ እያለ ያልቃል። ስለዚህ ሬሳ አትቁጠሩ፤ አዲስ የሚወጣውን ቅጠል እዩ። በየሳምንቱ ድገሙት፣ ዝናብ ካጠበው ደግሞ ሳምንቱን አትጠብቁ። የኔ ዋንዛ አሁን ቀጥ ብሎ እየወጣ ነው። ያ ባለሙያ በዚያ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያያል፣ አይጠይቅም።

ለምስጥ ግን ኒም አልሠራልኝም። ኩይሳውን ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣት ይሻላል። ጥልቅ ነውና ብቻችሁን አትጀምሩት፣ ደቦ ጥሩ።