80ኛው ደቂቃ ሲደርስ ሆዴ ይታመሳል

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ትናንት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሰፈራችን ቡድን በዚህ ክረምት ሦስት ጨዋታ አንድ ለባዶ እየመራ ሦስቱንም አቻ ወጣ። ስድስት ነጥብ ጣልን ማለት ነው። ሦስቱም ጎል የገባብን ደግሞ ያው አንድ ልጅ ተቀይሮ ከገባ በኋላ ነው።

ስሙን አልጽፍም። አብሮን ያደገ ልጅ ነው፣ እናቱ ቤት ስንት ቀን ቡና ጠጥቻለሁ። ተከላካይ ነው። ልምምድ ላይ ብታዩት ቋሚ ተሰላፊ ነው የምትሉት፤ በጭንቅላት ኳስ የሚደርስበት የለም። ግን ስንመራ 80ኛው ደቂቃ ላይ አሠልጣኛችን አጥቂ ያስወጣና እሱን ያስገባዋል። ውጤት እንዲያስጠብቅ። መጀመሪያ ቀን ሰው ጠልፎ ፍጹም ቅጣት ምት አሰጠብን። ቀጥሎ በማዕዘን ምት የሚይዘው ሰው አመለጠው።

የትናንቱ ግን ሌላ ነው።

ዓባይ ማዶ ነበር የተጫወትነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ውሎ 9 ሰዓት ላይ አባራ። ሜዳው ግን በተለይ በእኛ ግራ በኩል ረግረግ ሆኗል። ልጁ ገባ። 86ኛው ደቂቃ ላይ ኳሷ እዚያው ግራ መስመር ላይ ደረሰችው፤ አጠገቡ ማንም የለም፣ ወደ ውጭ ቢመታት ማንም አይጠይቀውም። እሱ በውስጥ እግሩ ለበረኛው መለሳት። ደረቅ ሜዳ ቢሆን በረኛው እግር ስር የምታርፍ ለስላሳ ኳስ ናት። ሦስት ሜትር ያህል ተንከባለለች፣ ጭቃው ውስጥ ገባችና ቀጥ አለች። እኔ ከጎሉ ጀርባ ነበርኩ። ኳሷ ላይ የተለጠፈው ሣር ሳይቀር ይታየኛል። በረኛው ሊደርስባት ሲሮጥ አንሸራተተው፣ አጥቂያቸው ቀደመው። አንድ ለአንድ።

ሰው ሁሉ ጮኸበት። እኔም ጮህኩበት። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም፣ አፍሬበታለሁ።

ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ ስመለስ፣ ዓባይም ደፍርሶ ሞልቶ ነበር፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የግራ ተከላካያችን ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሁለት ጊዜ ኳስ እዚያው ቦታ ላይ ተይዛበታለች። ከዚያ በኋላ በምድር አላቀበለም፣ ሁሉንም ከፍ እያደረገ ነው የመታው። ከመጀመሪያው የተሰለፉት ሁሉ የትኛው ቦታ እንደሚይዝ በእግራቸው አውቀውታል። ያ ልጅ ግን 80 ደቂቃ ሙሉ ፕላስቲክ ለብሶ ወንበር ላይ ተኮራምቶ ነበር። መስመሩን ሁለቴ ሮጦ ገባ። «በግራ በኩል በምድር እንዳታቀብል» ያለው ሰው የለም።

እኔ የቼልሲ ደጋፊ ነኝ፣ ይህን ነገር በቀድሞው በረኛችን በኬፓም አይቼዋለሁ። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2021 በአውሮፓ ሱፐር ካፕ ከስፔኑ ቪያሪያል ጋር ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል የያኔው የቼልሲ አሠልጣኝ ቱሄል ዋናውን በረኛ ሜንዲን አስወጥቶ ኬፓን አስገባ፤ ኬፓ ሁለት መለያ ምት አዳነ፣ ዋንጫ ወሰድን። በየካቲት 2022 በእንግሊዙ የካራባኦ ዋንጫ ፍጻሜ ቱሄል ያንኑ ቅያሪ ደገመው። ሊቨርፑል 11 መቶ 11ዱንም አገባ። 11ኛውን የእኛን ምት ራሱ ኬፓ ወደ ሰማይ ሰደደው፣ 11 ለ 10 ተሸነፍን። ያን ቀን ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ የ120 ደቂቃውን ጨዋታ ያነሳ ሰው አልነበረም፣ የተሳተውን ኳስ ሁሉ ረስተን ኬፓን ብቻ ነው የረገምነው። መጨረሻ ላይ የገባ ሰው ሁሉም ነገር በሱ ላይ ይደፈደፋል።

ግን ኬፓ የገባው ለመለያ ምት ነው። እዚያ ኳሷ ቆማ ነው የምትመታው፣ ጭቃ የለ፣ የሚያመልጥህ ሰው የለ። ተከላካይ ግን ጨዋታው ውስጥ መቆየት አለበት። የሚይዘው አጥቂ በየት በኩል እንደሚዞር፣ በረኛው ከጎሉ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ዳኛው ለምን ዓይነት ንክኪ እንደሚነፋ ማወቅ አለበት። በአስር ደቂቃ ይህ አይታወቅም፣ ለዚያውም ሰውነትህ ሳይሞቅ።

ልጁ ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም። አለበት። ወንበር ላይ ስትቀመጥ ሜዳውን ማየት የአንተ ሥራ ነው። ሜዳ ሲጨቀይ ደግሞ ኳስ ወደ በረኛ አይመለስም፣ ይህን የሰፈር ሕፃን ያውቀዋል። በዚህ አሁንም ተናድጄበታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ግቢያቸው በር ላይ አየሁት። ታኬታውን በምስማር እየፈለፈለ ጭቃውን ያወጣል። ሰላም አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም፣ «ደህና» ብቻ አለኝና ወደ ታኬታው ተመለሰ።

ጋሼ አሠልጣኛችን፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ፣ እርስዎን ማስተማሬም አይደለም። ቅዳሜ ከመራን በ80ኛው ደቂቃ አያስገቡት። ከእረፍት መልስ ያስገቡት፣ 45 ደቂቃ ይጫወት። ያ ካልሆነ ደግሞ ከ60ኛው ደቂቃ ጀምሮ ያሟሙቁት፣ ከመግባቱ በፊትም የግራ ተከላካያችን መስመሩ ጋ መጥቶ ሜዳው የት እንደሚይዝ ይንገረው።