የባሕር ወለል ቀመር አራት ኪሎ ላይ፦ የላንገንዶርፍ ልብ ማስታወሻ፣ ዙር ሁለት

ሥራው ከሰውነት የወጣን ልብ በጨው ፈሳሽ እየመገቡ ማስመታትና ምቱን መመዝገብ ነው። የመጀመሪያው ዙር በእንቁራሪት ልብ ላይ ነበር። እንቁራሪት ይቅር ባይ ናት። በሊትር 6.5 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 0.14 ግራም ፖታሺየም ክሎራይድ፣ 0.12 ግራም ውሃ አልባ ካልሲየም ክሎራይድና 0.2 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት በተጣራ ውሃ በጥብጦ ልቧን በዚያ ማርጠብ ይበቃል። ባይካርቦኔቱ ጥቂት ስለሆነ ጋዝ አይጠይቅም። የልቧ የታችኛው ክፍል እንደ ስፖንጅ ስለሆነ ኦክስጅኑን ከፈሳሹ በቀጥታ ይስባል። ለንደን ተሠራ አዲስ አበባ፣ ውጤቱ እምብዛም አይለያይም። (የቧንቧ ውሃ ግን እዚህም አይነካ። ሲድኒ ሪንገር በ1880ዎቹ መጀመሪያ የጨው ፈሳሽ ብቻውን ልብን የሚያስመታ መስሎት ነበር፤ ኋላ ሲታይ ልቡን ያስመታው በለንደን የቧንቧ ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነው።)

ከ250 እስከ 300 ግራም የምትመዝን የላቦራቶሪ አይጥ ልብ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በላንገንዶርፍ ዘዴ፣ ማለትም ኦስካር ላንገንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተመው መንገድ፣ ፈሳሹ ከልብ በሚወጣው ዋና ደም ሥር፣ በአኦርታ፣ በኩል ወደ ኋላ ይገፋና የልቡን የራሱን ደም ሥሮች ይመግባል። ቀይ የደም ሕዋስ የለም። ጡንቻው የሚኖረው በፈሳሹ ውስጥ በሟሟው ኦክስጅን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው የከተማችን ከፍታ ጣልቃ የሚገባው።

የተለመደው የክሬብስ ሄንሰላይት ፈሳሽ 25 ሚሊሞል በሊትር ባይካርቦኔት ይዞ 95 በመቶ ኦክስጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋበታል። መጽሐፉ ሳይናገር የሚገምተው የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። መሀል አዲስ አበባ ላይ ግን ግፊቱ 575 ገደማ ነው። በ37 ዲግሪ የውሃ ትነት 47 ይወስዳል። ባሕር ወለል ላይ የሚቀረው 713 ሲሆን ከዚያ 5 በመቶው 35.6 ነው። እዚህ የሚቀረው 528 ነው፣ 5 በመቶውም 26.4። ሲሊንደሩ ያው፣ ፐርሰንቱ ያው፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት ግን በሩብ ያንሳል። ባይካርቦኔቱ ካልተነካ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ፤ ሲወጣ አሲድነቱ ይቀንሳል) 7.47 አካባቢ መሆኑ ቀርቶ ወደ 7.6 ይወጣል። ኦክስጅኑም ከ677 ወደ 501 ይወርዳል።

ይህ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። ፒኤች ሲወጣ የልብ ጡንቻ ለካልሲየም ያለው ስሜት ይጨምራል፣ የሶዲየምና የሃይድሮጅን መለዋወጫው ሥራም ይቀየራል። የልብ ምት መዛባትን የሚያጠና ሰው መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት መነሻው ተዛብቶ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ግፊቱን ስታነቡ አንድ ወጥመድ አለ። የስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ለአዲስ አበባ ከ1,010 በላይ ሄክቶፓስካል ያሳያል። ያ ወደ ባሕር ወለል ተሰልቶ የተመለሰ ቁጥር ነው። የሚፈለገው በቦታው ያለው ግፊት፣ 767 ሄክቶፓስካል ገደማ፣ ነው። ባሮሜትር ያለው ስልክ የሴንሰሩን ንባብ በቀጥታ ከሰጠ እውነተኛውን ያሳያል። የደም ጋዝ መለኪያ ማሽንም ግፊቱን ራሱ ይለካል።

ማስተካከያው ቀላል ነው። 6.7 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው ቅልቅል ማስሞላት ከተቻለ ቀመሩ እንዳለ ይሠራል። ካልተቻለ ባይካርቦኔቱን በዚያው ልክ መቀነስ ነው፦ 25 ሲባዛ በ26.4 ሲካፈል ለ35.6 ወደ 18.5 ሚሊሞል ይመጣል። የጎደለው 6.5 ሚሊሞል ሶዲየም በሶዲየም ክሎራይድ ይተካል። ለአንድ ሊትር ሲመዘን፦ ሶዲየም ክሎራይድ 7.28 ግራም፣ ፖታሺየም ክሎራይድ 0.35፣ ሰባት ውሃ ያለው ማግኒዚየም ሰልፌት 0.296፣ ፖታሺየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት 0.163፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት 1.55፣ ውሃ አልባ ግሉኮስ 1.98፣ ሁለት ውሃ ያለው ካልሲየም ክሎራይድ 0.265። የመጨረሻው 1.8 ሚሊሞል ይሰጣል። ጠርሙሱ ላይ ውሃ አልባ የሚል ከሆነ 0.20 ግራም ይበቃል፤ ሳያነቡ 0.265 መዝኖ መጨመር ካልሲየሙን በሲሶ ከፍ ያደርገዋል። ፖታሺየሙም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። 0.1 ግራም ብቻ በሚያሳይ ሚዛን 0.35 ግራም መመዘን ግምት እንጂ ልኬት አይደለም፣ ዝቅ ያለ ፖታሺየም ደግሞ በራሱ ምት ያዛባል። አሥር እጥፍ ወፍራም ክምችት አዘጋጅቶ በሚሊ ሊትር መቅዳት ይሻላል።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ካልሲየም የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ጋዙ ቢያንስ 15 ደቂቃ ከተነፋ በኋላ ነው። ጋዝ ባልገባበት ባይካርቦኔት ላይ ካልሲየም ከጨመራችሁ ፒኤቹ ከፍ ያለ ስለሆነ ፈሳሹ ወተት ይመስላል። ጋዙ ኋላ ሲገባ ሊጠራ ይችላል፤ ቢጠራም ድፉት። በዓይን የማይታየው ደቃቅ ዝቃጭ የልቡን ጥቃቅን ሥሮች ይደፍናል። የጠራውንም ቢሆን ከ5 ማይክሮን ባልበለጠ ማጣሪያ ማሳለፍ ልማድ ይሁን።

ፒኤች የሚለካው ጋዙ እየተነፋ፣ በ37 ዲግሪ ነው። በብርጭቆ ቀድቶ ጠረጴዛ ላይ መለካት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስመልጥና የሌለ አልካላይን ያሳያል። ጋዝ ጠፍቶ በሄፐስ (በባይካርቦኔት ፈንታ ፒኤች በሚያረጋጋ ውህድ) እና በንጹሕ ኦክስጅን የሚሠራ ካለ ሌላ ነገር ያስታውስ፦ ሄፐስ ሲሞቅ ፒኤቹ በየዲግሪው በ0.014 ገደማ ይወርዳል። በ20 ዲግሪ 7.4 ላይ ያስተካከሉት በ37 ዲግሪ 7.16 ነው።

የኦክስጅኑን ጉድለት በቀመር መሙላት አይቻልም። ስለዚህ ልቡን አለማስሮጥ ነው።

የፈሳሹ ዓምድ ከፍታ ግን እንደ መጽሐፉ ይቆያል። 80 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ማለት ከካኑላው (አኦርታው ውስጥ ከሚገባው ቀጭን ቱቦ) ጫፍ እስከ ፈሳሹ ገጽ 109 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ከአየሩ በላይ ያለ ግፊት ስለሆነ አራት ኪሎም ጅቡቲም አንድ ነው። ቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው አረፋ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ቀዝቃዛ ፈሳሽ በመንገድ ላይ ሲሞቅ የሚለቀው አረፋ ልቡ ውስጥ ከገባ ያ ልብ አበቃለት። መያዣውን ከነፈሳሹ አስቀድሞ ማሞቅና የአረፋ ወጥመዱን ከካኑላው ልክ በላይ ማድረግ ግዴታ ነው።

የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የሌለው ሥራ አይጀመርም፣ የማደንዘዣው ዓይነትና መጠንም ፈቃዱ የሚለው ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ልቡ ከመውጣቱ በፊት ይሰጣል። ከወጣበት እስከ ፈሳሽ መጀመሩ ከ3 ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የካኑላው ጥልቀት ነው። ጫፉ ከአኦርታው በር (ቫልቭ) በላይ መቆም አለበት። ወደ ውስጥ ካለፈ በሩን ይከፍትና ፈሳሹ ወደ ልቡ ክፍል ይፈሳል፣ ወይም የደም ሥሮቹን አፍ ይዘጋል። የሚንጠባጠበውን በሰዓት ለኩ፦ ከ8 እስከ 20 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ጤና ነው። ከ28 በላይ ከሆነ አኦርታው ተቀዷል ወይም በሩ አይገጥምም፤ ከ5 በታች ከሆነ አረፋ፣ ደም መርጋት ወይም የጠለቀ ካኑላ ነው። 20 ደቂቃ ሳይረጋጋ ምንም አይመዘገብ።

የልቡን የኤሌክትሪክ ምልክት ወደሚቀበለው ኤሌክትሮድ። የብር ሽቦ ወርቅ ሰሪዎች ዘንድ ይገኛል፣ ግን የጌጥ ብር አብዛኛው 92.5 በመቶ ነው፣ ቀሪው መዳብ። መዳብ ለጡንቻው መርዝ ነው፣ መነሻ መስመሩንም ያንሸራትታል። ሳይቀላቀል የቀለጠ ንጹሕ ብር ጠይቁ፣ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ሽቦውን በአልኮል ጠርጎ በረኪና ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መንከር፣ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ግራጫ እስኪሆን። በውሃ የቀጠነ በረኪና ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ይህ ለመመዝገቢያ ብቻ ነው። ለመቀስቀሻ፣ ማለትም ልቡን በኤሌክትሪክ ለማስመታት፣ ፕላቲነም ወይም አይዝጌ ብረት ይሁን፤ የኤሌክትሪክ ምት የብሩን ሽፋን ይገፈዋል፣ ብሩም ይሟሟል።

ከመብራት መስመሩ የሚገባው የ50 ሄርዝ ጫጫታ የሕንፃው ጉዳይ ነው። መሀል ከተማ ባሉ አሮጌ ሕንፃዎች ሶኬቱ የኧርዝ ቀዳዳ ይኖረዋል፣ ከጀርባው ሽቦ ላይኖር ይችላል። በመልቲሜትር ሳይፈተሽ አይታመን። ከመርካቶ የወንፊት ሽቦ ገዝቶ ሣጥን መሥራት፣ ሁሉንም ኧርዝ በአንድ ነጥብ ማሰር፣ ላፕቶፑን በባትሪ ማሠራት አብዛኛውን ያጠፋል። በሁለት ነጥብ ከታሰረ ግን ቀለበት ይፈጠራል፣ ጫጫታውም ይብሳል። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ በትክክል 50 ላይ አይቆምም፤ 50 ላይ የተቆለፈ ማጣሪያ ያኔ አይዝም። ርካሽ ዩፒኤስ ደግሞ 150 እና 250 ሄርዝ ላይ አዲስ ጫጫታ ይጨምራል። ከኢንተርኔት በሚወርድ ኮድ ላይ ማጣሪያው 60 ተብሎ የተጻፈ እንደሆነም እዩ፤ ኮዱ የተጻፈበት አገር መብራት እንጂ የእኛ አይደለም።

ኤዲ 8232 የተባለችው ትንሽ የልብ ምልክት ማጉያ ሰሌዳ ለሰው ደረት እንጂ ለዚህ አትሆንም። በብዛት የሚሸጠው ሰሌዳ 1,100 ጊዜ ያጎላል፣ ከ40 ሄርዝ በላይም ይቆርጣል። ከልቡ ገጽ የሚመጣው ብዙ ሚሊ ቮልት ጣሪያውን ይመታል፣ የአይጥ ፈጣን ምልክትም ይደፈጠጣል። እስከ 500 ሄርዝ የሚያሳልፍ አጉሊና በሰከንድ 2,000 ናሙና ያስፈልጋል።

መቀስቀሻው፦ 2 ሚሊ ሰከንድ ርዝመት፣ የደፉ (ልቡን የሚያስመታው ትንሹ ጉልበት) ሁለት እጥፍ። ስምንት መደበኛ ምት በ170 ሚሊ ሰከንድ ርቀት፣ ከዚያ አንድ ተጨማሪ ምት ከ100 ጀምሮ በ5 በ5 እየቀረበ ልቡ መመለስ እስኪያቆም። ብዙ መመሪያዎች 150 ይላሉ፤ በ501 ኦክስጅን ግን 170 ይሻላል፣ ከልቡ የራሱ ምት ፈጥኖ እስከያዘው ድረስ። ደፉን በየ30 ደቂቃው እንደገና ለኩ። እያደገ ከሄደ ኤሌክትሮዱ ተንሸራቷል ወይም ጡንቻው እየሞተ ነው።

የተዛቡ ምቶችን ስትቆጥሩ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን የላምቤዝ ስምምነት፣ የልብ ምት መዛባት ተመራማሪዎችን መመሪያ፣ ትርጉም ያዙ፦ የልቡ የታችኛው ክፍል ያለጊዜው የመታው አራት ወይም ከዚያ በላይ በተከታታይ ከሆነ ነው ታኪካርዲያ (የፈጠነ ምት) የሚባለው። ክሊኒክ ውስጥ ሦስት ይበቃል። ሁለቱን ቀላቅሎ የቆጠረ ሰንጠረዥ ከማንም ጋር አይነጻጸርም።

ጥያቄያችሁ ረጅም ኪውቲ፣ ማለትም ልቡ ከምት በኋላ በኤሌክትሪክ ወደ ዕረፍት ለመመለስ መዘግየቱ፣ ከሆነ ግን አይጧን ተዉ። የአይጥ ልብ ወደ ዕረፍት የሚመለሰው በፈጣኑ የፖታሺየም ፍሰት ነው፣ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ሳይወርድ የሚቆይበት ሜዳ የሚባለው ክፍል የለውም ማለት ይቻላል። በሰው ልብ ላይ ኸርግ የተባለውን የፖታሺየም ቦይ ዘግቶ የሚገድል መድኃኒት እዚህ ምንም ሳያሳይ ሊያልፍ ይችላል። ለዚያ ጊኒ ፒግ ነው የሚያስፈልገው። የባይካርቦኔቱ ስሌት ግን ለእሷም ያው 18.5 ነው።