ሰንጠረዡ አማረ

አለቃችን ሰንጠረዥ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚያየው የዓምዱን ብዛት ነው። በዛ ካለ «ይኼ ለሰው አይቀርብም» ይላል። የእኔ የሕዝብ ጥግግት ሰንጠረዥ ደግሞ ለእያንዳንዱ አገር ሦስት ልኬት ነበረው፤ ሕዝቡ ለጠቅላላው የቆዳ ስፋት ሲካፈል፣ ሕዝቡ ለሚታረሰው መሬት ብቻ ሲካፈል፣ ገበሬው ብቻ ለሚታረሰው መሬት ሲካፈል።

«አንዱን ምረጥ» አለኝ።

«ሦስቱም የሚሉት የተለያየ ነው።»

«ጥግግት ጥግግት ነው። ሕዝቡን ለመሬቱ አካፍለህ ገላግለኝ።»

ኔዘርላንድስንና ባንግላዴሽን አሳየሁት። በቆዳ ስፋት ከሄድን ባንግላዴሽ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ1,000 በላይ ሰው ይዛ የኔዘርላንድስን እጥፍ ታህላለች። በሚታረስ መሬት ሲሆን ግን ልዩነቱ በጣም ይጠባል። ገበሬ ብቻ ሲቆጠር እንደገና ይራራቃሉ፤ ኔዘርላንድስ ውስጥ ከሠራተኛው በግብርና ላይ ያለው 2 በመቶ ገደማ ነው፣ ባንግላዴሽ ውስጥ ከሲሶ በላይ። ለእኔ ከዚህ የሚጥም ነገር የለም። እሱ ግን እያዛጋ ላፕቶፔን ወደ ራሱ አዞረና ሁለቱን ዓምድ ሰረዛቸው። እውነት ለመናገር ሰንጠረዡ አማረ።

በገለጻው ዕለት ግብፅ ላይ ሲደርስ «በካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሰው ገደማ ነው፤ ገና ሰፊ ቦታ አላቸው» ብሎ አረፈው። ይቺን እኔ አልጻፍኩለትም። ከእንግዶቹ መካከል እስከዚያ ድረስ ማስታወሻ ስትይዝ የነበረች ሴት ቀና አለች።

«ከእነዚህ 100 ሰዎች ስንቱ ነው በረሃው ውስጥ የሚኖረው?»

አለቃችን ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ አለፈ። «ባለሙያው ይመልስልዎታል» አለ።

መለስኩ። ሕዝቡ ከ100 ሚሊዮን አልፏል፣ አገሩም 1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰዉ ግን ከሞላ ጎደል ናይል ዳርና ዴልታው ላይ ነው የተፋፈገው። ለሚታረሰው መሬት ብቻ ካካፈልነው ቁጥሩ ከ2,000 ይዘላል።

«ታዲያ ይህ ቁጥር ሰንጠረዡ ላይ ለምን የለም?»

አለቃዬን አየሁት። እሱ ፕሮጀክተሩን እያየ ነው።

«ለማሳጠር ነው» አልኩ።

ይኼኔ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ፤ «አዬ፣ እነዚህ ልጆች ማሳጠር ይወዳሉ» እንደማለት። ጥያቄው ባለቀ በተረሳ ነበር፣ ያ ራስ መነቅነቅ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ስለሚታረስ መሬት የሚሰብከው እሱ ሆነ። «በቆዳ ስፋት የሚያካፍል ሰው ጂኦግራፊ አያውቅም» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለቀጣዩ ሪፖርትም አንድ ዓምድ ብቻ አዘዘ፤ የእርሻ መሬቱን። ያዘዘውን ሰጠሁት። በቆዳ ስፋት በካሬ ኪሎ ሜትር 4 ሰው እንኳ በቅጡ የማይደርሳት አይስላንድ፣ የሚታረሰው መሬቷ 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ በመቶዎች ተቆጥራ ወጣች።

«አይስላንድ እንዲህ ተጨናንቃለች እንዴ?» አለኝ።

«ባዶ ናት ማለት ይቻላል። ኑሯቸው ዓሣና ንግድ ነው፤ እህሉን ከውጭ ያስገቡታል። እርሻ ለእነሱ መለኪያ አይሆንም።»

«እና ምን ይሻላል?»

«የቆዳ ስፋቱ ዓምድ ይመለስ።»

አሰበ አሰበና «አይስላንድን አውጣት» አለኝ።